የአዴ ድርቤ የመጻሕፍት ዝርዝር

ድርቤ ሞረዳ ፈሪ ሰው ናት፤ ይህን ራሷም አትደብቀውም። በነቀምት ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በአጥሩ በኩል ሞተር ብስክሌት ጮኾ ባለፈ ቁጥር ግን ዛሬም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ባሏ ሞሲሳ የብረት በር በያጅ ነው፤ ከሥራ ትንሽ ከዘገየ መንገድ ዳር ወጥታ ትጠብቀዋለች። የትውልድ ቀዬዋ ቢላ ከነቀምት ሩቅ ባይሆንም፣ መንገዱን ስለምትፈራ እናቷን በአካል ካየች ሦስት ዓመት አልፏታል።

የማትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ለልጆች መጽሐፍ መምረጥ። በተለይ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት። እነዚህ ልጆች ለሥዕል መጽሐፍ አድገዋል፣ ለአዋቂ ልብ ወለድ ደግሞ ገና ናቸው። የማይሆን መጽሐፍ ከተሰጣቸው ዓመቱን ሙሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዝር አይሉም። ስለዚህ ድርቤ ለነሱ ይሆናሉ የምትላቸውን መጻሕፍት በአንድ ደብተር ትመዘግባለች፤ ግማሾቹ በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሾቹ በአማርኛ። ልጆቹ በአፋን ኦሮሞ አክብረው «አዴ» ይሏታል፤ ርዕስ የሚባል ነገር ግን አይዙም። «አዴ ድርቤ፣ የኬኔን ይስጡኝ»፣ «የጂሩ ተመለሰ?» ነው የሚሉት። እሷም ተለማምዳ በደብተሯ ላይ የምትጽፈው የመጽሐፉን ርዕስ ሳይሆን የባለታሪኩን ስም ነበር።

አንድ ዓመት በግጭት ከኪራሙ ወረዳ የተፈናቀሉ ልጆች በትምህርት ቤቱ ተመዘገቡ። ከነሱ አንዷ አገኘሁሽ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ብዙ አታወራም፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ድርቤ የቀነአን መጽሐፍ ሰጠቻት። ቀነአ ቀልደኛ ነው፤ ልጅ ሁሉ ይወደዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን የአያቱ ጎጆ ይቃጠላል። ድርቤ ይህን ታውቅ ነበር፤ ያኔ ግን ትዝ አላላትም።

ወንበር ሲወድቅ ሰማችና ዞር ብላ ብታይ ልጅቷ የለችም። ጠረጴዛው ሥር ገብታለች። ሁለት ጣቶቿን በጆሮዎቿ ወትፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንቀጠቀጣለች፤ ቀሚሷም ረጥቧል።  ድርቤም በጉልበቷ ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ደወል እስኪደወል አብራት ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፍ መስጠትም ያስፈራት ጀመር። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እንደገና አነበበች። ስትጨርስ ደግሞ በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚሆንበትን ክፍልና አጭር ማስታወሻ ጻፈች። እሳት አለበት። ሞት አለበት። መሳሪያ አለበት። አንዳንዱን ጥቂት ቆይቶ እንጂ አሁን እንዳይሰጥ አለች።

ካቻምና በጥቅምት ስልኳ ጠራ። የደወለው ዋለ የሚባል የአንገር ጉቲን ከተማ መምህር ነው። በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤታቸው ተከፍቷል።

«አዴ ድርቤ፣ ነጋ? ሰላም ነዎት? አያውቁኝም። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው። ስማቸውን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ።»

«ስሙን ብልክልህ መጽሐፉን ከየት ታገኛለህ?»

 «እሱማ ከየትም አላገኝ» አለ መምህሩ።

ድርቤ ከርዕሰ መምህሩ አስፈቅዳ ሁለት ሁለት ቅጂ ካላቸው መጻሕፍት አርባ ሦስቱን ለይታ በሁለት የፓስታ ካርቶን አሸገች። ዝርዝሩን ከደብተሯ በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጣ በአንደኛው ካርቶን አናት ላይ አደረገችው። ከዚያ በአንገር ጉቲን መስመር ወደሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር ጂሬኛ ዘንድ ሄደች። ጂሬኛ ካርቶኖቹን በእጁ መታ መታ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ባለቤቱ ሳይኖር የታሸገ ዕቃ አልጭንም፣ አዴ። መንገድ ላይ አስቁመው የማን ነው ሲሉኝ ማንን ልጥራ?»

ሞሲሳ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ይቅር» አለ። ድርቤም «ይቅር» አለች፤ ከልቧም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ነጠላዋን ለብሳ መናኸሪያ ተገኘች። ለምን እንደሄደች ስትጠየቅ ዛሬም በቅጡ አትመልስም። «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኛ» ብቻ ትላለች።

መኪናው ከነቀምት ወጥቶ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ ጨመረ፤ መስኮቶች ተከፈቱ። ተሳፋሪው ስለ በቆሎ ዋጋና ስለ ዝናቡ ያወራ ነበር። የመጨረሻዋን ከተማ ሲያልፉ ግን ወሬው ማንም ሳያዘው ቆመ። ድርቤ የወንበሩን ብረት ጨብጣ በሆዷ ትጸልይ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጮክ ብላ የምትጸልየውን ጸሎት ያን ዕለት ከሁለተኛው ቃል በላይ መግፋት አቃታት።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ግንድ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ጂሬኛ ፍሬን ያዘ። ከሣሩ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት የታጠቁ ሰዎች ወጡ። ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም፤ በልብሳቸውም መለየት አይቻልም ነበር።

«ቡኣ! ውረዱ!» አለ አንዱ በሁለቱም ቋንቋ።

ወረዱና በመንገዱ ዳር ተደረደሩ። መታወቂያና ስልክ ተሰበሰበ። ድርቤ ጀርባዋን ወደ መኪናው ጎን አስጠጋች፤ ቆርቆሮው ያቃጥላል፤ አልራቀችም። አንዱ ታጣቂ አንደኛውን ካርቶን በሳንጃ ሰነጠቀውና አናቱ ላይ ያገኘውን ወረቀት ለአለቃቸው አቀበለ። አለቃው ጢሙ ሸበት ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ይኼ የማን ነው?»

ጂሬኛ መሬት መሬት አየ። ድርቤ እጇን አነሳች፤ እንደ ተማሪ።

ሰውዬው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «ቀነአ፣ አምስተኛ፣ እሳት አለበት። ሸዋጌጥ፣ ሰባተኛ፣ ሞት አለበት። ተካ፣ ቆይቶ እንጂ አሁን አይሆንም። ቢላል፣ ስምንተኛ፣ መሳሪያ አለበት።» ቀና ብሎ አያት። «ኬኔ፣ አምስተኛ፣ ምንም የለባትም፣ መጀመሪያ እሷን። መጀመሪያ እሷን ምን?»

ድርቤ የገዛ እጅ ጽሑፏን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው የሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር መሰላት። አርባ አራት ስም ነው። ከየስሙ ጎን ቁጥር አለ። ሞት፣ እሳት፣ መሳሪያ። እሷ ራሷ ብታገኘው ምን ትል ነበር?

«መጽሐፍ ነው» አለች። «የልጆች መጽሐፍ ነው። የሰው ስም አይደለም።»

«የሰው ስም አይደለም?» አለ። በሌላ እጁ የያዛቸውን መታወቂያዎች እንደ ካርታ በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገና አንዱን መዘዘ። «ቢላል የታለ? ውጣ።»

ከተሳፋሪው መካከል አንድ ረዥም ሰው ወጣ። ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ከድርቤ ኋላ ተቀምጦ ሲመጣ የስልክ ባትሪው ማለቁን ሲያማርር ሰምታዋለች። ስሙን ግን ያኔ ነው የሰማችው። ነጠል አድርገው ግንዱ አጠገብ አስቀመጡት። ሰውየው ድርቤን አያት። አልሰደባትም፤ አልለመናትም። ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ቀን ፍርሃት ሁሉ የከፋው ያ ነበር ትላለች።

«እሱን አላውቀውም! በልጆቼ! ካርቶኖቹን እዩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው!» ብላ ጮኸች። በየትኛው ቋንቋ እንደጮኸች አታስታውስም።

አለቃው በአገጩ ምልክት ሰጠ። አንደኛው ታጣቂ መሬት ላይ ተቀምጦ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። አለቃው ስም ይጠራል፤ ድርቤ በጣቷ መጽሐፉን ታሳያለች፤ ያኛው የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እየጎተተ ያነባል። «ኬኔ… አዎ፣ ኬኔ ይላል።» «ተካ… እዚህም አለ።» እንዲህ እያሉ አርባ ሦስቱን ቆጠሩ። የቢላል መጽሐፍ የለም።

ድርቤ ትዝ አላት። ሁለቱም ቅጂዎች ተማሪዎች እጅ ነበሩ፤ ዝርዝሩን ስትገለብጥ ግን ስሙን መዝለሉን ረሳችው።

«ይኼኛውስ?» አለ ሰውዬው።

«ልጆች ወስደውት ነው። ነቀምት ነው ያለው።»

«እሺ። ካነበብሽው ንገሪኝ።»

ነገረችው። ቢላል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ከአክስቱ ጋር ይኖራል፤ የበቆሎ ማሳ ሲያርም ጠመንጃ ያገኛል፤ በጆንያ ጠቅልሎ ጎተራ ሥር ይደብቀዋል። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ የሚጠረጥረው ይመስለዋል። ከጓደኞቹ ይርቃል፤ ምግብ አልበላ ይለዋል። ድርቤ ለልጆች ስታነብ እንደምታደርገው የአክስቲቱን ቃል በአክስቲቱ ድምፅ ተናገረች፤ ልማድ ሆኖባት እንጂ አስባበት አይደለም። መንገዱ ላይ ከሷ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«መጨረሻው?» አለ ሰውዬው።

እዚህ ላይ ቆመች። መጨረሻውን ታውቀዋለች። ግን ጠመንጃ በትከሻው ላንጠለጠለ ሰው እንዴት ይነገራል? አስቀረው ብትል ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። አስረከበ ብትል፣ ለማን ይላታል። ግንዱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰሊጥ ነጋዴ አየችና እውነቱን ተናገረች።

«ወንዝ ውስጥ ጣለው።»

አለቃው ወረቀቱን እንደገና ተመለከተ።

«ሞኝ ነው» አለ።

መሬት ላይ የተቀመጠው ታጣቂ ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ የለም። አለቃው ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። መታወቂያዎቹን ለጂሬኛ ሰጠው፤ ስልኮቹን አልመለሰም። ሰሊጥ ነጋዴውን ለቀቁት፤ ግንዱም ተነሳ።

መኪናው ውስጥ ድርቤ ከኋላዋ ያለውን ሰው ይቅርታ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ዞራ ሁለት ጊዜም ፊቷን መለሰች። ሲወርድ በሩ ላይ ቆመና ጎንበስ አለላት።

«የኔ እህት፣ ለወደፊቱ ስም አትጻፊ» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ አላየችውም።

አንገር ጉቲን ስትደርስ መምህር ዋለ ጥቂት ተማሪዎችን ይዞ ጠበቃት። የተሰነጠቀውን ካርቶን ሲያይ ምንም አልጠየቀም። ውሃ ሰጧት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛም ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሩክያ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሻሿን ፈትታ ልብሷን አደረቀችላትና «እነዚህን ሁሉ አንብበዋቸዋል?» ስትል ጠየቀቻት። ድርቤ «አዎ» አለችና ያኔ አለቀሰች።

መንገዱ ለአምስት ቀን ተዘጋ። በዋለ ቤት ተቀምጣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ነገረችው፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ምን እንዳለ። ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያወጣ እጁን ያዘችው።

«በቃልህ ያዘው፣ ልጄ።»

«አርባ ሦስት መጽሐፍ እኮ ነው፣ አዴ ድርቤ።»

«በቃልህ!»

እንደ ፊደል ቆጣሪ አስጠናችው። ሲሳሳት ከመጀመሪያው አስጀመረችው። በስድስተኛው ቀን በአጀብ ከሚሄዱ መኪናዎች ጋር ተመለሰች። ያ ጠመዝማዛ ጋ ሲደርሱ ዓይኗን ጨፍና አለፈች።

ነቀምት ስትገባ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ደብተሩን ማቃጠል ነው። ሞሲሳ ዳግመኛ እንዳትሄድ አስማላት፤ አላንገራገረችም፤ ከዚያ ወዲህም አልሄደችም። ጂሬኛ ግን አሁን ካርቶኗን ባለቤት ሳይኖር ይጭናል፤ «የማን ነው ካሉኝ የኔ ነው እላለሁ» አላት። እስካሁን አራት ጊዜ ልካለች። ከእያንዳንዱ ጭነት በፊት ለዋለ ደውላ የሚላኩትን በቃል ትነግረዋለች፤ እሱም ይደግምላታል።

ጂሬኛ ከመናኸሪያ በወጣበት ሰዓት ድርቤ የቤተ መጻሕፍቱን በር ከውስጥ ትዘጋለች። ልጆች ቢያንኳኩም አትከፍትም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ «ደርሻለሁ» እስኪላት ትቀመጣለች። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ትታጠብና በሩን ትከፍታለች።