እስኪነጋ የተነቀለው ስልክ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የቢሮዬ አሮጌ ስልክ በጮኸ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

አባቴ በወጣትነቱ ጦር ሜዳ የመገናኛ ወታደር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ የስልክ መሐንዲስ ሆኖ ሠራ። በሰፈራችን ስልክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ የወረደው የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ የሚደውለው እኛ ጋ ነው። ያን ቀን ከሁመራ ሲደወል አባቴ ስልኩን አንስቶ አዳመጠ። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

እትዬ ጥሩነሽ ጥሪውን ሰምተው ደረሱ፤ እጃቸው በሶ ለብሷል።

“ልጄ ነው?”

“መስመሩ ተበላሽቷል። ነገ ጠዋት ይሠራል።”

“አንተ እያለህ? ታዲያ ደሞዙን በምን ትበላዋለህ?” ብለው እየሳቁ ለልጃቸው ስንቅ ወደሚወቅጡት በሶ ተመለሱ።

“አባባ፣ ለምን ዋሸሃቸው?”

“መርዶ ሲነጋ ነው የሚነገር። ጦር ሜዳም ሥራዬ ይኸው ነበር፤ የሞተውን ከእናቱ ቀድሞ መስማት።”

ነገሩ ግማሹ ብቻ ገባኝ። ሄጄ በሶውን ነፋሁላቸው፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ገመዱን መልሶ ሰክቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር እሳቸው ቤት ገባ። የእትዬ ጥሩነሽ ጩኸት ሲሰማ፣ መስመሩ እንደተበላሸ ይቆይ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት።