ከጠፈር የመለስነው አብራሪ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ቤዛ ጀሞ ያለው ቤቴ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የአንድ የጠፈር ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ አልጣማትም። እሷና ጓደኞቿ የጠሉትን ትዕይንት ቆርጠው፣ የወደዱትን አስረዝመው፣ ዘፈን ደርበውበት ለዓለም በትነውታል።

«አክስቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በእናንተ ጊዜ አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ነበረ እንጂ! ያልነበረው እንዲህ ያለው ስልክ ነው።

ያኔ ጎፋ ነበር የምንኖረው። ሚኪያስ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ውጤት ስንጠብቅ እሱ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ጋ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመረ። ክረምት ሲገባ ሥራው ቀዘቀዘ፤ በዚያ ጭቃ ማን ይሞሸራል? ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛም በር ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየገዛን፣ ከንፈራችን ጥላሸት እየለበሰ ፊልም እናያለን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጫማችንን ከጭቃው እየነቀልን ወደ ሚኪያስ ቤት እንሄዳለን። እናቱ እትዬ አልማዝ ሽሯቸውን እያንተከተኩ በፈገግታ ይቀበሉናል።

እኛም የራሳችን የጠፈር ፊልም ነበረን፤ የመጀመሪያ ክፍሉን ያየነው ከሚኪያስ ታላቅ ወንድም ከብሩክ ጋር ነበር። መጨረሻው ላይ አብራሪው ጓደኞቹን አሳፍሮ ይሸኝና እሱ በተበላሸችው መንኮራኩር ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እኔ ሳለቅስ ብሩክ ሳቀብኝ። «ይመለሳል ባክሽ! ክፍል ሁለት ላይ ታዪዋለሽ» አለኝ።

ክፍል ሁለት ሲወጣ ግን ብሩክ ራሱ አልነበረም። በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከተነሣ ወራት አልፈዋል። ከካርቱም አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

ፊልሙም አብራሪውን በአንድ ቃል ሸኘው። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ሞቷል» አለ፣ ሌላው አንገቱን ደፋ፣ ታሪኩ ቀጠለ። ሚኪያስ ፊልሙን አስቁሞ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ሬሳውን እንኳን አላሳዩንም እኮ» አለ። «ዝም ብሎ ሞቷል ይባላል? እናስተካክለዋለን።»

ያን ክረምት በዚሁ ሥራ ከረምን። ከመጀመሪያው ክፍል የአብራሪውን ምስሎች ለቀምን፤ ዲስኩ ላይ ለብቻ የተቀመጡ የተቆረጡ ትዕይንቶችም አገኘን። የእኛ ሰፈር ሰው እንዲገባው ድምፁን በአማርኛ አደረግነው፤ ሴቶቹን ሁሉ እኔ፣ አብራሪውን ሚኪያስ። በእኛ ፊልም መጨረሻ ላይ የመንኮራኩሯ በር ይከፈታል፣ አብራሪው በብርሃኑ መሀል ይቆማል፣ ሚኪያስም «መጣሁ፤ አስጠበቅኋችሁ» ይላል።

ሲዲ ላይ ገልብጠን ለጓደኛ ሰጠን። ጓደኛ ለጓደኛ እያቀባበለው እስከ ለቡ ደረሰ። የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲያሳየው አግዳሚው ሁሉ ሞላ። እትዬ አልማዝም «ልጅሽ ፊልም ላይ ያወራል» ተብለው መጡ፤ ብሩክ ከሄደ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በስተቀር የትም አይወጡም ነበር። አብራሪው «መጣሁ» ሲል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«የብሩክ ድምፅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እውነታቸውን ነበር። ወንድማማቾቹ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሚኪያስ ራሱ እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላለውም። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረምሳ ዋናውን ፊልም ይዞ መጣና ቪዲዮ ቤቱ መሀል ቆሞ «አታላዮች! ሰውዬው ሞቷል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሚኪያስ ቤቱ መግባት ፈራ፤ እኔ ሸኘሁት። እትዬ አልማዝ ቁጭ ብለው ጠበቁን።

«ሌላ አለ አሉ፣ እሱ የሞተበት» አሉ። «እሱን አሳዩኝ።»

«እማዬ፣ ተይው በቃ።»

«አሳየኝ አልኩህ።»

ጋሽ ተፈራ ቤት ሄደን ከፈትንላቸው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ወደ ልጃቸው ዞረው «ምን አለ?» አሉት። ሚኪያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሞቷል ነው ያለው፣ እትዬ» አልኳቸው እኔ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚኪዬ፣ እኔ እኮ በልቤ ሁለቱንም ሳይ ነው የከረምኩት። አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። አንዱን ብቻ የማውቅ መሰለህ?»

ሚኪያስ ወንድሙ ከሄደ ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን እናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሳቸው ፀጉሩን እየዳበሱ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከብሩክ ጋር የተጓዘ ሰው ተመልሶ መጣና ጀልባዋ ባሕር ላይ መስጠሟን ነገራቸው። ድንኳን ተጣለ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ብሩክ ያወሩ ነበር፤ ሲስቅ እንዴት እንደነበረ፣ ሲቆጣ እንዴት እንደነበረ። ከዚያ በፊት አንዱ ለሌላው ሲል ስሙን እንኳን አያነሡም ነበር።

ቤዛ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ሰማችኝ። ሳበቃ ተነሥታ ሻይ ጣደች። እኔም በረንዳው ላይ ሆኜ ታክሲዎቹ ሲግተለተሉ እያየሁ እትዬ አልማዝን አሰብኳቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ቆዩ። እኛ ያን ሁሉ ስንቆርጥና ስንቀጥል እሳቸውን ከሐዘን የጋረድናቸው መስሎን ነበር። ያን ክረምት በሙሉ ግን እየሳቁ ምሳ ሲያቀርቡልን፣ የጋረዱን እሳቸው ነበሩ።