ስለ ወንዙ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስይዝና ደብዳቤ ስተረጉም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለጉዳዩ በወላይትኛ ይናገራል፣ ወረቀቱ በአማርኛ ይወጣል፣ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በነዚህ ዓመታት ከጻፍኳቸው ሁሉ ግን እንደዚህኛው ያደከመኝ ደብዳቤ የለም።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ጠሩኝና ከሃላሌ ከተማ ወረድ ብሎ ያለ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ጥያቄ አለው አሉኝ። ቀበሌው ወንዙ ላይ ለመብራት የተሠራው ግድብ ካቆመው ውሃ ዳር ነው።

«ሄደሽ አድምጪያቸው። በአንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪልኝ። ከአንድ ገጽ በላይ የሚያነብ የለም።»

እስከ ሃላሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። ስደርስ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ስብሰባው በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ነው። ከጣሪያው በላይ ኮረብታውን ተሻግሮ የሚሄደው ትልቁ የመብራት መስመር ያልፋል፤ ነፋስ ሲኖር ሲያፏጭ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ አምፖል የለም። ይህን ለማንሳት እንኳ ማንም አልደከመም፣ ለምደውታል።

ብዙ ሰው ተናገረ፤ አብዛኛው ውሃው ስለሸፈነው ግጦሽ ነበር። በመጨረሻ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከወንዙ ዳር ከብት ሲያረቡ ያረጁ፣ በአካባቢው ለዕርቅ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሲናገሩ አይቸኩሉም።

«እኛ ግድቡን አንጠላም» አሉ። «መብራቱ ለከተማው ይብራ፣ ለጎረቤት አገርም ይሸጥ። አገራችን ናት። ግን አስቡት። እኔና ጎረቤቴ አንዲት ላም በኮታ ብንይዝ፣ እሱ ገዝቷት እኔ ሣሬን ባበላት፣ ጥጃው የማን ነው? የሁለታችን ነው። ሣሩ ከኔ ሆኖ ጥጃውም ወተቱም አንድ ቤት ብቻ ሲገባ ያ ኮታ አይባልም። ወንዙን በኮታ እንያዘው ነው የምንለው። ከሚሸጠው መብራት ለዚህ መሬት የሚመለስ ነገር ይኑር።»

አዳራሹ አጉረመረመ፤ የመስማማት ማጉረምረም ነበር። እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከስንት ስብሰባ በኋላ፣ ከስንት «ልማት» እና «ተሳትፎ» በኋላ፣ አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር በግልጽ ሲናገር ሰማሁ።

ሶዶ ተመልሼ መጻፍ ስጀምር እዚያች ቃል ላይ ቆምኩ። በኛ ቋንቋ ኮታ ሲባል አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው አንድ ሀብት በጋራ ይዞ የሚወለደውን የሚካፈልበት ውል ነው። በአማርኛ ግን ኮታ የስኳር ነው፣ የዘይት ነው፣ የማዳበሪያ ነው፤ ከላይ ተመድቦ የሚወርድ። «የጋራ ድርሻ» ብዬ ጻፍኩና ሰለለብኝ። ሰረዝኩት። ሽማግሌው ራሳቸው ያሉትን ላስቀምጥ ብዬ «ወንዙን በኮታ እንድንይዝ» አልኩ፤ ከሥሩም ቃሉን የሚያብራራ ሦስት መስመር ጨመርኩ። ሦስቱ መስመሮች ወደ ሁለተኛ ገጽ ተሻገሩ። የአለቃዬ ቃል ትዝ አለኝ፣ አጠፋኋቸው። ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሽማግሌው በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ስወጣ ይነሣሉ።

«ሳሮ፣ ልጄ» ይላሉ፣ በኛ ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። «መልስ መጣ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

«እሺ። እንግዲህ ደግሞ እመጣለሁ።»

አንዳንዴ በትንሽ ጣሳ ቅቤ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አልቀበልም ስላቸው «ለደብዳቤው አይደለም፣ ለልጆችሽ ነው» ይላሉ። ቅቤውን መቀበልም አለመቀበልም እኩል ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ በመስኮት ግቢው ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። ዝናብ መቷቸዋል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ያን ቀን አራተኛ ሪፖርቴን እየጻፍኩ ነበር፣ ራሴን ያመኛል፣ «ገና ነው» ማለት አቃተኝ። ዘበኛውን ጠርቼ «ስብሰባ ሄዳለች በላቸው» አልኩት። ነገራቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ተመልሰውም ሄዱ። ለዚያች አንዲት ጥያቄ ግማሽ ቀን ተጉዘው እንደ መጡ አውቃለሁ። በመስኮቱ ከበሩ እስኪወጡ አየኋቸው፣ አልጠራኋቸውም።

መልሱ የመጣው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። አጭር ነበር፦ ለተጠቀሰው ቀበሌ በዚህ የበጀት ዓመት የተያዘ ኮታ አለመኖሩን እንገልጻለን፣ ወደፊት ሲመደብ እናሳውቃለን። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ማንም እምቢ አላለንም፣ ማንም አልተቆጣንም። ጥያቄውን አልሰሙትም፣ ያላሰማኋቸውም እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ሲመጡ ቢሮዬ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደብዳቤውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው።

«ስኳር የጠየቅን መስሏቸው ነው?» አሉ።

«እንደዚያ ነው፣ አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው። ማብራሪያ ጽፌ ነበር፣ ገጽ ስላለፈብኝ አጠፋሁት። ሌላም አለ። ያን ዝናብ የመታዎት ቀን ስብሰባ አልሄድኩም ነበር። እዚሁ ነበርኩ።»

ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሻይሽ ጠረጴዛው ላይ ይጨስ ነበር፣ በመስኮቱ ይታያል። ሰው ሲደክመው እንደዚያ ያደርጋል። እኔም ለዕርቅ ሲጠሩኝ ታምሜያለሁ ያልኩበት ቀን አለ።» ከዚያ ቀና ብለው «አሁን ምን ይደረጋል?» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ እንደገና ለመጀመር የሚያስችል ጉልበት አልነበረኝም። እሳቸውም የነበራቸው አይመስለኝም። ቢሆንም ጀመርን።

በዚያ ሰሞን ስለ ኃይል ልማትና ስለ አካባቢው ተጠቃሚነት ውይይት ሊደረግ ከላይ ሰዎች ሶዶ ይመጣሉ ተባለ። አለቃዬን ለምኜ ሽማግሌውን ስም ዝርዝር ውስጥ አስገባሁ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ሽማግሌው ዕድል ሲሰጣቸው የላሟን ነገር መጀመሪያ በቀበሌው ስብሰባ እንዳሉት አሉ። በዚህ ጊዜ አንድም ቃል ሳልቆርጥ ተረጎምኩ። ኮታ ምን እንደሆነ፣ የገዛው ማን፣ ያበላው ማን፣ የተወለደው የማን እንደሆነ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ቢያይም አላቆምኩም።

ከላይ ከመጡት አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው፣ ብዙ ጻፈ። ሲመልስም ከልቡ ነበር።

«አባታችን ያነሱት ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። በሌሎች አገሮችም የተፈጥሮ ሀብቱ ያለበት አካባቢ ከገቢው የሚያገኝበት ሥርዓት አለ። እኛ ዘንድ ግን ይህን ለመፈጸም መጀመሪያ በሕግ መደንገግ አለበት። ያን ማድረግ በኔ ሥልጣን አይደለም። እንደ ግብዓት እንወስደዋለን።»

ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ግብዓት ምንድን ነው?»

«ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።»

«ከገባ በኋላ ይወጣል?»

ሳቄ መጣ። «እንጃ፣ አባባ» አልኳቸው።

ሕጉን እስከ ዛሬ አላየነውም። በሚቀጥለው በጋ ግን በሌላ ፕሮግራም፣ ከኛ ደብዳቤ ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው በማላውቀው መንገድ፣ ቀበሌው ምሰሶ ተተከለለት። ምሰሶዎቹ መንገዱን ተከትለው ጤና ኬላው ድረስ ሄዱና አቆሙ። ከመንገዱ ዳር አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ተከፈተ። ሽማግሌው ስልክ ደውለው «ነይና እዪ» አሉኝ፣ በአንድ ቅዳሜ ሄድኩ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በቆሎ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከነሱ አንዷ በፊት እህሏን ተሸክማ ሃላሌ ድረስ ትወጣ እንደ ነበር ነገረችኝ። አሁን ምጥ የያዛትም ሴት ጤና ኬላው ውስጥ ብርሃን አላት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የሽማግሌው ቤት ግን ከመጨረሻው ምሰሶ ቁልቁል፣ ወደ ውሃው ነው፤ እዚያ አልደረሰም። አብረን ወርደን ደጃቸው ላይ ተቀመጥን። ባለቤታቸው ጎደሬ ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልን። ከታች ውሃው ተዘርግቶ ይታያል፣ አረንጓዴና ጸጥ ያለ።

«ይሄ ድርሻችን ነው?» ብለው ጠየቁኝ ምሰሶዎቹን እያሳዩ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ ቢያርፉ ምን አለ?

«አይደለም፣ አባባ። ይሄ አገልግሎት ነው፣ ለማንም ቀበሌ የሚሰጥ። እናንተ የጠየቃችሁት ሌላ ነው።»

«ጥሩ» አሉ። «ለተሰጠን እናመሰግናለን። ለጠየቅነው ደግሞ ጻፊ።»

«አባባ፣ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል። ቁጭ ብለሽ ጻፊ፣ መጻፍ እንደ መሄድ አይደለም።»

እዚያው ደጃቸው ላይ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። እያንዳንዱን ገጽ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ቦታ አረሙኝ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ሰኞ ለአለቃዬ ሳቀርብ ገጾቹን ቆጥረው ቀና ብለው አዩኝ። ብዕር አቀበልኳቸው፣ ፈረሙ። መልስ አልመጣም።

ደብዳቤውን በጻፍንበት በዚያ ቅዳሜ ሽማግሌው ዳገቱን ሸኝተውኝ፣ መንገዱ ላይ ስንደርስ ሞተር አስቆሙልኝ። ሃላሌ ስገባ ለሶዶ የቀረው አንድ ሚኒባስ ነበር፣ የኋላ ወንበር አገኘሁ። ረዳቱ ገና ሰው ይጠራል። ወረቀቶቹን ደረቴ ላይ አቅፌ መኪናው ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰደኝ።