እማዬ ተሰሎንቄ ላይ የጠፋችበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ በምንኖርበት ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ ዳቦ ቤት የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ተቀበለኝና ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ተሰሎንቄ ውስጥ በየመንገዱ ማዕዘን የሚሸጠው፣ ዙሪያውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እማዬ መጋዘን ውስጥ ኦቨርታይም ስትሠራ ከርማ ለሁለታችን የግሪክ ጉብኝት ቲኬት ቆረጠች። ጎረቤቶቻችን ለዕረፍት ፍሎሪዳ ሲሄዱ፣ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በቅዳሴ ላይ መልእክቱ ሲነበብ ስሙን የሰማችውን ከተማ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሆቴላችን ባሕሩ ፊት ለፊት ነበር፤ ጠዋት መስኮቱን ስንከፍት የጨው፣ የዓሣና የናፍጣ ሽታ ተደባልቆ ይገባል፣ የባሕር ወፎቹም እንደተጣሉ ጎረቤቶች ይጯጯኻሉ።

አስጎብኚያችን ሰማያዊ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትመራን፣ እርምጃዋ ፈጣን የሆነ የአገሩ ሴት ነበረች። ችግሩ ከተማዋ በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን አላት፣ እማዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አታልፍም። ሰዉ ስለ ሮማውያን ቅስት ሲሰማ እሷ አማትባ፣ ግድግዳውን ስማ፣ ግንባሯን አስነክታ ትመጣለች። ሰው ሲያየኝ የምሸማቀቅ ልጅ ስለነበርኩ እጇን እጎትታለሁ።

“ማሚ፣ ፕሊስ፣ እየጠበቁን ነው።”

“ይጠብቁና! እነሱስ ለድንጋይ ይቆሙ የለ?”

በመጨረሻው ጠዋት ከገበያው ወደ አውቶቡሱ ተመልሰን ዞር ብል እማዬ የለችም። ስልኳ እዚያ አይሠራም፣ እንግሊዝኛዋም ገና ከሥራ ቦታ ያላለፈ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል፤ የምንሄደው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚያ ሁሉ ቀን አስጎብኚዋን በአንዲት ቃል እንኳ አናግሬያት አላውቅም።

“እናቴ የለችም!” ስል ሰዉ ሁሉ ዞረ።

“ያቺ ግድግዳ የምትስመዋ?” አለችና ጃንጥላዋን ሹፌሩን አስታቅፋ አብራኝ ሮጠች።

ያለፍንባቸውን ቤተ ክርስቲያኖች አንድ በአንድ አየን፤ የለችም። እንባዬ እየመጣ ሳለ ከመንገዱ ዝቅ ብላ የተሠራች አንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ቱሪስቱም የአገሩ ሰውም ከነጫማው ይገባል፣ ይወጣል፤ ደረጃው ላይ ግን አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ብቻውን፣ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል።

“እማዬ!” ብዬ ጮኽኩ።

በካልሲዋ ብቅ አለች። “ምን ሆነሻል? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንዲህ ይጮኻል?”

አስጎብኚዋ እያለከለከች ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ “ጫማዋ ሳይሰረቅ መድረሳችንም ዕድል ነው” ብላ ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ተጨበጨበልን፤ ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም። አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ የእማዬን እጅ አልለቀቅኩም፣ እሷም ትከሻዬ ላይ ተኛች።

አሁን ቤተ ክርስቲያን የምናልፈው በመኪና ነው። እማዬ መስኮቱን ሳትከፍት ታማትባለች፤ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ያንንም ሳትጨርስ እናልፋለን። ካናል ዊንቸስተር ካለው ቤቷ ስትወጣ የት እንደደረሰች ስልኬ ላይ አያለሁ። አትጠፋብኝም፣ ይህም ደስ ይለኛል። ብቻ እሷን ፍለጋ መሮጥ ቀርቷል፤ በዚያ ድምፅ “እማዬ” ብዬም ከዚያ ወዲህ ጠርቻት አላውቅም።