ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለው «አንተ»

ሙሂባ እንድሪስ ከአዛውንቶች መጦሪያው ሥራዋ ተመልሳ፣ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ ባለችው ጠባብ ቤቷ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ረቂቁን አብረዋት ለሚኖሩት አባቷ ታነባለች። የቤተሰቡ ደንብ ነው። አያቷ ወሎ ውስጥ ኪታብ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር፤ አባቷ ሐጂ እንድሪስ ደሴ ላይ አሳታሚ ሆኑ። ጮክ ተብሎ ያልተነበበ መጽሐፍ ከእጃቸው አይወጣም። ከጀርባው ደግሞ የእርማት ወረቀት ሳይገባበት አይሸጥም፤ «ስህተት የለብኝም የሚል አላህ ብቻ ነው» ይላሉ ሐጂ።

ሙሂባ እዚህ አገር በሃያ ሁለት ዓመት፣ የአባቷን ስም በአሳታሚነት ሽፋኑ ላይ እያኖረች አርባ መጽሐፍ አሳትማለች። ምርቃት ላይ ፎቶ ለመነሳት የሚጋፋው ወገን መዓት ነው፤ ቤቱ ገብቶ የሚገልጠውስ የት አለ? ደክሟታል። ይህ የመጨረሻዬ ነው ብላለች።

መጽሐፉ የልጆች ነው። የጻፈችው ፋሪዳ፣ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት።

«‹አያቴ፣ አንተ ባቡሩ አመለጠህ እንዴ?›» ብላ አነበበች ሙሂባ።

«ቆዪ! ማንን ነው አንተ የምትለው?»

«አያቷን ነው፣ አባዬ።»

«ሰደበችው በይኛ! እርስዎ አድርጊው። አለዚያ ስሜን ከሽፋኑ አንሺ።»

ሙሂባ ለፋሪዳ ደወለች።

«ሙሂባ፣ ቀልደኛ ነሽ» አለች ልጅቷ። «አያቴን እርስዎ ብለው፣ ማን ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ከቀየርሽው ረቂቄን መልሺልኝ።»

እውነቱን እንነጋገር። ለልጆቻችን አንድ ገጽ አማርኛ ሳናነብላቸው አሳደግን፤ አንዷ ከስንት አንዴ ብትጽፍ፣ በአንዲት ቃል ክብራችን ተነካ ብለን እንጮሃለን።

«ብቀይረው ልጅቷ ትወስደዋለች፤ ብተወው እርስዎ ስምዎን ያነሳሉ» አለች ሙሂባ ስልኩን አስቀምጣ። «ይቅር በቃ። እኔም ልረፍ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የእርማት ወረቀቱን አምጪ። ጻፊ፤ ገጽ ዘጠኝ፣ ‹አንተ› የሚለው . . .»

«እርስዎ ተብሎ ይነበብ?»

«አታቋርጪኝ! ‹አንተ› የሚለው የአሳታሚው ስህተት አይደለም። ልጅቷ እንደዚያ ነው የምትናገረው። አራት ነጥብ።»

«አባዬ፣ እርማት እኮ ስህተት ላልሆነ ነገር አይጻፍም።»

«የእኔ ይጻፋል። ሰዉ እንድሪስ አረጀ፣ ማረም ተሳነው እንዳይለኝ።»

ሙሂባ ሳቋ አመለጣት። ጻፈችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ሐጂ። «ገጽ አሥርን ቀጥይ እንጂ።»

ጫማዋን አወለቀችና ገጹን ገለጠች።