ጨርቅ የታሰረበት መንኮራኩር

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ጨርቁ ነበር። በአጎት ቶርኬል ጎተራ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ የጋሪ መንኮራኩር ተደግፏል፤ ከዘንጎቹ በአንዱ ላይ ፀሐይ የመጠጠችው ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እንደ ልማዴ ቆሜ ተደነቅኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ የማያስደንቀኝ ነገር የለም። እናቴ «ይህ ልጅ ባልዲ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ላሟን ማን ይለባት?» ትላለች።

የመጣሁት ግን ለሥራ ነው። ነብራስካ ሜዳ ላይ ባለችው ወረዳችን የመጀመሪያውን ቤት የሠራው ከባሕር ማዶ የመጣው ቶርኬል ብሬኬ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ግድም። ቅዳሜ የቀደምት ሰፋሪዎች በዓል ይከበራል። ያን ቀን በግቢው የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም፣ እኔም የሕይወቱን ታሪክ ላነብ ተወስኗል። ጽሑፌን በረንዳው ላይ ተቀምጬ አሰማሁት፦ «ሜዳውን እንደ ንስር ቃኘና ክንዱን ዘርግቶ ‹እዚህ!› አለ።»

ሽማግሌው ፒፓውን ከአፉ አወጣ።

«ንስሩ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አጎት ቶርኬል።»

«ሚስቴ ይህን ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር። ደግነቱ ቀድማ ሞታለች።»

ጉንሂልድ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። መሳቅ ይገባኝ እንደሆነ ስላላወቅኩ ወረቀቴን አስተካከልኩ።

«ስማኝ ልጄ» አለ። «ያኔ አጥር የለ፣ ዛፍ የለ፣ መንገድ የለ። መሬትህን የምታገኘው ቀያሾቹ ከተከሉት ችካል ተነስተህ ነው። ጋሪህ መንኮራኩር ላይ ጨርቅ ታስራለህ፤ ጨርቁ ስንቴ ከላይ ብቅ እንዳለ እየቆጠርክ ትነዳለህ። የኔ መሬት ሁለት መቶ ዙር ሳይሞላ ያልቃል። ጨርቁን ከቀሚሷ ጫፍ የቀደደችልኝ ጉንሂልድ ናት። ‹ትቆጥራለህ ወይስ እኔ ልቁጠር?› አለችኝ። ‹ወንድ እያለ!› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በምድጃው ተጣላን። በሬዎቹ ደከሙ ብዬ ምድጃዋን መንገድ ላይ አስጥያት ነበር። እሷ ‹ምድጃዬ!› ስትል እኔ ‹መቶ ሠላሳ›፣ እሷ ‹ምድጃዬ!› ስትል እኔ ‹መቶ... ስንት ነበር?› በሬዎቹ ይሄዳሉ። ኋላ ሲሰለቻቸው ቆሙ። እነሱ ሲቆሙ ነው ክንዴን ዘርግቼ ‹እዚህ!› ያልኩት። ክንዴን መዘርጋቴ እውነት ነው፤ እሱን አትሰርዘው።»

ሣር ያለበትን አፈር በማረሻ እየገለበጡ፣ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠሩ። ውኃ ጉድጓድም ቆፈሩ። በሦስተኛው ዓመት ቀያሽ መጣና የሰፈሩት በሌላ ሰው መሬት ላይ መሆኑን ነገራቸው። ለቀው እዚህ ግቢ ገቡ። የአፈሩ ቤት በዝናብ ሟሟ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ቦታው የጎረቤት ግጦሽ ሆነ። መንኮራኩሩን «ምስክር ይሁን» ብላ ያስቀመጠችው ጉንሂልድ ናት፤ ጨርቁም እንዳይፈታ እስክትሞት ጠብቃዋለች።

«ሦስት ዓመት የሰው መሬት አሳምሬ አረስኩ» አለ። «እሱስ ይሁን። ግን ድንጋዩ እዚህ ግቢ ከቆመ የሷን ጉድጓድ ማን ያውቀዋል? እኔ ከላይ ገመድ ስስብ፣ ዐሥራ ሰባት ክንድ ወርዳ የቆፈረችው እሷ ናት። ድንጋዩ እዚያ ይቁም ብዬ ለአዴሊያ ነግሬያታለሁ።»

ወይዘሮ አዴሊያ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። «እስከ ነገ ጠዋት ቦታውን ካሳየኸኝ ድንጋዩን ወደዚያ አስወስዳለሁ፤ አለዚያ እግቢህ ይቆማል» ብላዋለች። እሱ ሁለት ጊዜ ፈልጎ አጥቶታል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ሣሩም ሁሉ አንድ ነው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያሳሰበኝ ንስሬ ነበር። ሁለት ሌሊት የደከምኩበት ንስር።

የያኔውን መንገድ እንደገና ልንከተል መንኮራኩሩን ይዘን ወጣን። ችካሉ ከነበረበት ጥግ ጀምሬ እኔ እየገፋሁ ቆጠርኩ።

«የተማርክ ነህ፤ አይጠፋብህም» አለኝ።

«ምን ሲደረግ!» አልኩ።

የእሱ መሬት አልቆ ሁለት መቶን አለፍኩ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ደረቷ ቢጫ የሆነ ወፍ አጥሩ ላይ አርፋ ዘፈነች። ቀና አልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ በአንዲት ጭብጥ ላባ ውስጥ እንዴት ይኖራል እያልኩ ስደነቅ መንኮራኩሩ ከእጄ አመለጠ። ቁልቁለቱን ተንከባለለ፣ ተንገዳገደ፣ ከታች ስርጉድ ያለች ቦታ ላይ ተዘርግቶ ወደቀ።

«ስንት ደርሰሃል?» ሲል ከኋላዬ ጮኸ።

«ሁለት መቶ... ስንት ነበር?»

ሽማግሌው ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ና አንተ ንስር! በሬዎቹም በዚሁ ቁልቁለት ነው የወረዱት!»

ሣሩ እዚያች ስርጉድ ላይ ብቻ ለምለም ነበር። መንኮራኩሩን ሳነሳ ጠርዙ አፈሩን ፈንቅሎት ነበርና አንድ የዛገ ብረት ብቅ አለ። በጣቴ ቆፈርኩ። የባልዲ እጀታ ነው፤ ተሰብሮ በሽቦ ተጠምጥሟል። ሰጠሁት። ሽቦውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የኔ ጥምጠማ ነው፤ የጉንሂልድ ጉድጓድ ባልዲ» አለ። «‹ከዚህ የዶሮ እግር ያምራል› ብላኝ ነበር።» እጀታውን ኪሱ ከተተና መንኮራኩሩን ተቀበለኝ።

«ወዴት ነው?»

«አዴሊያ ቤት። ከዚህ እስከ በሯ እቆጥራለሁ፤ ድንጋዩን የሚያመጡት ሰዎች እንዳይሳሳቱ።»

«አብሬዎት ልቁጠር?»

«አንተ? አንተ ወፍህን ጠብቅ።»

ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ንስሩን ሰረዝኩና «በሬዎቹ ሲቆሙ» ብዬ ጻፍኩ። ክንዱን ተውኩለት። ቀና ስል ዳገቱን ጨርሷል። ስሙን ጠራሁ፤ ዞር አላለም። ጨርቁ ከላይ ብቅ ይላል፣ ይሰወራል፣ ብቅ ይላል፤ እሱም በአገሩ ቋንቋ፣ ጮክ ብሎ፣ ይቆጥራል።