ከፔኔዴስ የመጣው ጠርሙስ

ከሥራዬ ሁሉ የሚያሰለቸኝ ካልሲ ማውለቅ ነው። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ጠዋት ለሽማግሌዎች ለደም ዝውውር ያንን እግር ጨምቆ የሚይዝ ጠባብ ካልሲ ስናለብስ፣ አመሻሽ ላይ ስናወልቅ ነው ዕድሜያችን የሚያልቀው። የዚያን ቀን ሆላንድ ውስጥ ዴን ሃግ ከተማን ስዞር ውዬ አጠገቧ ያለችው ራይስዋይክ ስደርስ ወገቤ ተቆርጧል። የቀሩኝ አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ፤ የእሳቸውን አውልቄ ቤቴ ገብቼ መተኛት ነበር ምኞቴ።

እሳቸው ግን ጠርሙስ ከፍተው ጠበቁኝ።

ጠርሙሱን አውቀዋለሁ። ከክፍሉ ማሞቂያ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ አቧራውን ጠርጌለታለሁ። ከስፔን፣ ከባርሴሎና ብዙም ከማይርቀው ከፔኔዴስ የመጣ ነጭ ወይን ነው። ከሟች ባለቤታቸው ጋር በየዓመቱ ወይን ሲለቀም ካራቫናቸውን፣ ያችን ተጎታች ቤት፣ በመኪና እየጎተቱ እዚያ ይወርዱ ነበር። ስለ አገሩ አውርተው አይጠግቡም፦ በባሕሩና በተራራው መካከል ያለው ኖራማ አፈር፣ ያለ ኬሚካል የሚለማው ማሳ፣ በወይኑ ረድፎች መካከል እንደ ልቡ የሚያድገው ሣር። ማካቤዎ፣ ሻሬሎና ፓረያዳ የሚባሉ ሦስት የወይን ዓይነቶች ቀላቅለው ነው የአገሩ ሰዎች የሚጠምቁት። ይህኛውን ጠርሙስ በመጨረሻው ጉዟቸው የመረጡት ባለቤታቸው ነበሩ።

«ወይኑ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» አሉኝ። «እኔ ከታመምኩ ወዲህ አፍንጫዬም ምላሴም አይሠሩም። ቅመሺልኝ።»

እኔ ዞተርሜር ከተማ ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን ዘማሪ ነኝ። የጌታ እራት እንኳን የምንወስደው በወይን ጭማቂ ነው፤ በዕድሜዬ አልኮል ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አስረዳቸው ነበር። ያን ቀን አቅሙ አልነበረኝም፤ ደግሞ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲዘረጉልኝ አንጀቴን በሉት። ትንሽ ጎንጨት አልኩ።

«እሺ?»

«ይኮመጥጣል።»

«እሱ ሻሬሎ ነው» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ሽታውስ?»

«የቆየ ፖም ይሸታል።»

«ፖሙ ማካቤዎ ነው። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም የለውም።»

«ፓረያዳ እንደዚያ ናት፤ ብዙ አታወራም» ብለው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከእሳቸው ጋር ያለቀስኩ መስሎኛል፤ ድካም ይሁን ሌላ አላውቅም። በሆዴ ግን ወይን ማለት ይህ ከሆነ ጉባኤዬ ምንም አላስቀረብኝም እያልኩ ካልሲውን ማውለቅ ጀመርኩ።

አንዱን እግር ሳልጨርስ ልጃቸው መጣች፤ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። «ፓፓ፣ የእማማን ወይን ከፈትከው?» አለችና የእኔን ብርጭቆ አይታ ለራሷም ቀድታ ቀመሰች። ወዲያው ወደ ማድ ቤት ሄደች። ተከትያት ስገባ መታጠቢያው ውስጥ ትተፋዋለች።

«አቼቶ ሆኗል» አለችኝ ድምጿን ቀንሳ። «አንቺ ምን አልሽው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «የቀመስኩትን ነው የነገርኳቸው። ወይን ጠጥቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር መስሎኝ ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አፏን ተጉመጥምጣ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ ጥሩ መርጣለች» አለቻቸው።

አዛውንቱ ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለእሷም ጨምሪላት» አሏት ልጃቸውን። «እኔ የምቀምሰው በእሷ ምላስ ነው።»

ልጃቸው ቀዳችልኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። የመጀመሪያውን አቼቶ መሆኑን ሳላውቅ ነበር የጠጣሁት። ሁለተኛውን አውቄ ጠጣሁት፤ ከዚያም ተቀምጬ፣ ከሻሬሎ ጀምሬ እንደገና ነገርኳቸው።